የጡረተኛ መርማሪ ትዝታ ለታሪክ ምን ያህል ይታመናል?
ስለ ኋይትቻፕል ግድያዎች (1888) የተተዉ ማስታወሻዎች ምርመራ

የታሪክ ጸሓፊ በተለይ ሁለት ዓይነት ምስክር ያጋጥመዋል። አንደኛው ነገሩ በተፈጸመበት ሰሞን የተጻፈ መዝገብ ነው፤ ሁለተኛው ነገሩ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ የነበረበት ሰው ከትዝታው አውጥቶ የሚጽፈው ወይም የሚናገረው ቃል ነው። መዝገቡ ደረቅና ጎደሎ ነው፤ ትዝታው ግን ሕያውና ምሉእ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህም አንባቢን አብዝቶ የሚማርከው ትዝታው ነው። ይልቁንም ባለትዝታው በሥራው ወንጀል መርማሪ፥ በማዕርጉም ከፍ ያለ ሹም የነበረ እንደ ሆነ ቃሉ ያለ ክርክር ይታመናል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ቃል ሲመረምር የኖረ ሰው የራሱንም ትዝታ መርምሮ ያቀርባል ተብሎ ይታሰባልና። ይህ ግምት የሚያስኬድ መሆኑን ለመፈተን በ1888 በለንደን ከተማ በኋይትቻፕል ሰፈር የተፈጸሙት፥ ነፍሰ ገዳያቸው እስከ ዛሬ በማስረጃ ያልተረጋገጠው ግድያዎች እጅግ የተመቹ ናቸው። ስምንት ያህል የፖሊስ ሰዎች ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላ ስለዚሁ ጉዳይ ቃላቸውን ትተዋል፤ ያን ቃል የምናመሳክርበትም የጊዜው ጽሕፈት ጥቂት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ አካሄድ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከኦገስት 31 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 1888 ባለው ጊዜ ውስጥ አምስት ድኾች ሴቶች በዚያው ሰፈርና በአካባቢው በስለት ተገደሉ፤ እነርሱም ሜሪ አን ኒኮልስ፥ አኒ ቻፕማን፥ ኤሊዛቤት ስትራይድ፥ ካትሪን ኤዶውስና ሜሪ ጄን ኬሊ ናቸው። ስትራይድና ኤዶውስ የሞቱት በአንድ ሌሊት፥ በሴፕቴምበር 30 ነው። ኤዶውስ የወደቀችበት ማይተር አደባባይ በሲቲ ፖሊስ ግዛት ውስጥ ሲሆን የቀሩት አራቱ ግን በሜትሮፖሊታን ፖሊስ፥ ማለት በስኮትላንድ ያርድ ሥር ነበሩ። ለሁለት የተከፈለው የፖሊስ ሥልጣን በኋላ ለምናነሣው ክርክር አንድ ቍልፍ ስለ ሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል።

አሁን ጡረተኞቹ የተናገሩትን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። የወንጀል ምርመራ ክፍል የበላይ የነበረው ሰር ሮበርት አንደርሰን ገዳዩ ከፖላንድ የመጣ አይሁዳዊ ነው አለ። የርሱን ወንበር በኋላ የወረሰው ሰር ሜልቪል ማክናተን በቴምዝ ወንዝ ራሱን ያሰጠመ ሰው ነው አለ። በመንገዱ ላይ ምርመራውን የመራው ኢንስፔክተር ፍሬድሪክ አበርላይን በ1903 በሌላ ወንጀል የተሰቀለውን ሴቶችን በመርዝ የገደለ ሰው ጠረጠረ። ዋና ኢንስፔክተር ጆን ሊትልቻይልድ በ1913 ለአንድ ጋዜጠኛ በጻፈው ደብዳቤ የአንድ አሜሪካዊ ሐኪም ነኝ ባይ ስም ጠራ። የሲቲ ፖሊስ ሹም የነበረው ሄንሪ ስሚዝ ደግሞ ገዳዩ እርሱንም የለንደንን ፖሊስ ሁሉ እንዳሸነፈ አምኖ ማንነቱን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩን ጻፈ። ከነዚህ ቃሎች ቢበዛ እውነት ሊሆን የሚችለው አንዱ ብቻ ነው፤ ሁሉም ሐሰት ሊሆኑም ይችላሉ። ነገር ግን ተናጋሪዎቹ ሁሉ ዐዋቂዎች፥ ሁሉም ለጉዳዩ የቀረቡ፥ እስከምናውቀውም ድረስ ሆን ብሎ ለመዋሸት ምክንያት የሌላቸው ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄያችን ማን ዋሸ የሚል ሳይሆን፥ ከእያንዳንዱ ቃል ውስጥ የትኛው ክፍል በዐይን ከታየ ነገር፥ የትኛው ከወሬ፥ የትኛውስ ከጊዜ ብዛት የመጣ ነው የሚል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የአንደርሰን ቃል ነው፤ ምክንያቱም በማዕርግ ከፍተኛው እርሱ ነው፥ አነጋገሩም ከሁሉ ይልቅ ቍርጥ ያለ ነው። አንደርሰን ይህን ሹመት የያዘው ግድያዎቹ በተጀመሩበት በኦገስት መጨረሻ ላይ ነበር። ወዲያውም ሐኪም ባዘዘለት ዕረፍት ወደ ስዊስ አገር ሄደ፤ የሄደውም አኒ ቻፕማን በተገደለችበት ሰሞን ነው። ወደ ለንደን የተመለሰው በኦክቶበር መጀመሪያ፥ የሴፕቴምበር 30ዎቹ ሁለት ግድያዎች ካለፉ በኋላ ነበር። እንግዲህ ከአምስቱ ግድያዎች ሦስቱ ሲፈጸሙ በአገሩ አልነበረም። ይህ በራሱ ቃሉን አይጥለውም፤ የሚጽፍልን ነገር በብዛት ከበታቾቹ የሰማው መሆኑን ግን ያስረዳናል።

ጡረታ የወጣው በ1901 ሲሆን፥ ትዝታውን በመጀመሪያ በብላክዉድ መጽሔት በተከታታይ፥ ከዚያም በ1910 በመጽሐፍ አሳተመ። በዚህ ጽሑፉ እርሱ በውጭ አገር ሳለ ፖሊስ ቤት ለቤት ፍተሻ አድርጎ ገዳዩ ከዝቅተኞቹ የፖላንድ አይሁዶች ወገን ነው ወደሚል ውሳኔ እንደ ደረሰ፥ ውሳኔውም ትክክል ሆኖ እንደ ተገኘ ይተርካል። የጊዜው መዝገብ ግን የቤት ለቤት ፍተሻው በኦክቶበር ወር እንደ ተካሄደ ያሳያል። አንደርሰን ራሱም ፍተሻው ካለፈ በኋላ፥ በኦክቶበር 23 ቀን 1888፥ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር በቀረበው ጽሑፍ ላይ አምስት ግድያዎች ተከታትለው ሲፈጸሙ አንዳች ፍንጭ እንኳ አለመገኘቱ በወንጀል ታሪክ እጅግ ያልተለመደ ነገር ነው ሲል ጽፎአል። (አምስት ያለው ከኬሊ ሞት በፊት ሲሆን፥ በኦገስት መጀመሪያ የተገደለችውን ማርታ ታብራምን ጨምሮ ነው።) ይህ ጽሑፍ በገዛ እጁ፥ በገዛ ቢሮው፥ ነገሩ ገና ትኩስ ሳለ የተጻፈ ነው። ከ22 ዓመት በኋላ የተጻፈው ትዝታ ከርሱ ጋራ ሲጋጭ፥ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ለታሪክ ተማሪ መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን በሁለቱ ጊዜያት መካከል ያለው ደረጃ በደረጃ ለውጥ ነው። በ1888 ፍንጭ የለም። በ1895 ሻለቃ አርተር ግሪፊትስ በብዕር ስም በዊንድሰር መጽሔት ስለ መርማሪዎች ሲጽፍ፥ አንደርሰን ገዳዩ በአእምሮ በሽተኞች ቤት ተዘግቶበት ሥራው የተቋረጠ እብድ ነው የሚል አሳማኝ ግምት እንዳለው ይነግረናል፤ ልብ አድርጉ፥ ቃሉ ገና ግምት ነው። በ1901 አንደርሰን ራሱ ሲጽፍ የሰውየውን በዚያ ቤት መዘጋት እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጎ ያልፈዋል። በ1910 ደግሞ የምናገረው ግምት ሳይሆን የተረጋገጠ እውነት ነው ይላል። በነዚህ ዓመታት መካከል አዲስ ማስረጃ ስለ መገኘቱ አንድም መዝገብ የለም። ያደገው ማስረጃው ሳይሆን እርግጠኝነቱ ብቻ ነው። ደጋግሞ የተነገረ ግምት ለተናጋሪው ራሱ የታየ ነገር ይመስለዋል፤ ይህንም የካምብሪጁ የሥነ ልቦና ሊቅ ባርትሌት በ1932 ባሳተመው ጥናቱ አስረድቶአል። ባርትሌት የሰሜን አሜሪካ ሕንዶችን ተረት ለእንግሊዝ ሰዎች አስነብቦ በየጊዜው ሲያስደግማቸው፥ እንግዳ የሆነው ክፍል እየወደቀ፥ የተለመደው እየገባ፥ ተረቱ አጭርና ለሚያወሩት ሰዎች አስተሳሰብ የተስማማ እየሆነ መሄዱን አገኘ። የአፍ ታሪክን የምንሰበስብ ሰዎች ይህን በየመንደሩ እናየዋለን፤ በስኮትላንድ ያርድ ሹም ላይ ስናየው ግን የምንደነቅበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

የጽሑፉም ቃል ቢሆን ጸንቶ አልቆመም። በመጽሔቱ ላይ፥ ገዳዩን በሚገባ ያየው ብቸኛ ምስክር ተጠርጣሪውን የለየው ሰውየው በአእምሮ በሽተኞች ቤት ከተዘጋ በኋላ እንደ ሆነ ተጽፎ ነበር፤ ምስክሩም ተጠርጣሪው እንደ ራሱ አይሁዳዊ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ሊምልበት እምቢ አለ ይላል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ስለ ተዘጋበት ቤት የሚናገረው ሐረግ ከዚያ ቦታ ወጥቶአል። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የነገሩ ፍሬ በርሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አስቀድሞ እብድ ተብሎ የተዘጋ ሰው ለፍርድ ሊቀርብ ስለማይችል፥ የምስክሩ እምቢ ማለት ፍርዱን አላስቀረውም ማለት ነው። ምስክሩ የለየው ከመዘጋቱ በፊት ከሆነ ግን ፍርዱን ያስቀረው በእርግጥ ምስክሩ ነው። አንደርሰን ከነዚህ ከሁለቱ የቱን ማለቱ እንደ ሆነ በጥቂት ወራት ልዩነት የወጡት ሁለት ጽሑፎቹ አይስማሙበትም።

የአንደርሰን ጠበቆች የሚያነሡት ዋና መከራከሪያ ሃይማኖተኝነቱ ነው፤ የታወቀ የመንፈሳዊ መጻሕፍት ደራሲ ስለ ነበረ ሐሰት አይጽፍም ይላሉ። መከራከሪያው ያለ ቦታው የገባ ነው። ጠባየ መልካምነት ስለ ቅንነት እንጂ ስለ ትዝታ ጥራት አይመሰክርም፤ ቅን ሰው የማይዋሽ እንጂ የማይሳሳት አይደለም። ደግሞም በዚያው በ1910 ትዝታው በፓርላማ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በ1887 በታይምስ ጋዜጣ በአየርላንድ ፖለቲከኞች ላይ ከወጡት ጽሑፎች አንዳንዶቹን የጻፈ እርሱ መሆኑን፥ ይህንም የበላዩ የነበረው ጄምስ መንሮ ያውቅ እንደ ነበር ገልጦ ሳለ፥ መንሮ ፈቃድ አልሰጠሁም ሲል አስተባበለ። የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችልም ጽሑፎቹ በትምክሕት መንፈስ የተጻፉ ናቸው ብሎ ነቀፋቸው። ሊትልቻይልድም በ1913 ደብዳቤው አንደርሰን ያወቀ መሰለው እንጂ አላወቀም የሚል ሐሳብ ጥሎአል፤ ይህ ደብዳቤ የተገኘው በ1993 ስለ ሆነ በክርክሩ ጊዜ ማንም አላነበበውም።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ከ1881 ጀምሮ ከሩስያና ከፖላንድ ግፍ ሸሽተው የመጡ ብዙ አይሁዶች በኋይትቻፕል ሰፍረው ነበር። በ1888 መኸር የሕዝቡ ጥርጣሬ በነርሱ ላይ ወደቀ፤ ጆን ፓይዘር የተባለ ጫማ ሠሪ በሴፕቴምበር 10 ተይዞ ነጻነቱ ተረጋግጦ ተለቀቀ፤ ከኤዶውስ ሞት በኋላ በጎልስተን መንገድ በግድግዳ ላይ የተገኘውንም ስለ አይሁዶች የሚናገር ጽሑፍ የፖሊስ አዛዡ ሰር ቻርልስ ዋረን ብጥብጥ እንዳይነሣ ፈርቶ አስጠፋው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በጡረታ ያለ ከፍተኛ ሹም ተነሥቶ የዚያ ሰፈር አይሁዶች ከወገናቸው አንዱን ለአሕዛብ ፍርድ አሳልፈው አይሰጡም ብሎ በጅምላ ሲጽፍ፥ የሚመዘነው የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ብቻ ሳይሆን የአንድ ማኅበረ ሰብ ስም ነው። የለንደን አይሁዶች ጋዜጣ ጁዊሽ ክሮኒክል ወዲያው ተቃወመ። የሲቲው ሄንሪ ስሚዝም በዚያው ዓመት ባሳተመው ትዝታ አንደርሰንን በብርቱ ወቀሰው። ከፖሊስ ወገን በአደባባይ የተነሣ ተግሣጽ በመሆኑ ዋጋው ቀላል አይደለም።

ያየውን የሚያውቅ፥ ነገር ግን በሸንጎ የማይናገር ምስክር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ሥርዐት የአጥቢያው ሰው ተሰብስቦ ሲመካከር፥ ዐዋቂው በወገኑና በጎረቤቱ ፊት እንዳይጋለጥ ምስጢሩን «ወፍ» በሚባለው መንገድ ስሙን ሸሽጎ ለተመረጡ ሰዎች ያደርስ ነበር፤ ሥርዐቱ የሰውን ፍርሃት ዐውቆ መውጫ አበጅቶለት ነበርና። የእንግሊዝ ሕግ ግን ምስክሩ በግልጥ ችሎት ቆሞ እንዲምል ይጠይቅ ስለ ነበር፥ አንደርሰን የሚተርከው ዓይነት ነገር በባሕርዩ ሊሆን የማይችል አይደለም። ሊሆን መቻሉና መሆኑ ግን የተለያዩ ናቸው።

የአንደርሰን ቃል ብቻውን ቢቀር ኖሮ ክርክሩ በዚሁ ባበቃ ነበር። በ1987 ግን ያልታሰበ ደጋፊ ተገኘ። ዋና ኢንስፔክተር ዶናልድ ስዋንሰን ከሴፕቴምበር 1888 አጋማሽ ጀምሮ የጉዳዩ ጽሑፎች ሁሉ በርሱ እጅ እንዲያልፉ በዋረን የታዘዘ ሰው ነበር፤ እንግዲህ ከማንም ይልቅ ፋይሉን ያወቀ እርሱ ነው። በ1903 ጡረታ ወጥቶ በ1924 ሞተ። የአንደርሰንን መጽሐፍ ሲያነብ በእርሳስ በኅዳጉና በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ የጻፈው ማስታወሻ በዘመዶቹ እጅ ቆይቶ በዚያ ዓመት በጋዜጣ ታተመ። ስዋንሰን የምስክሩን እምቢታ ያጸናል፤ ተጠርጣሪው በብዙ ችግር ወደ «ባሕር ዳር ቤት» ተወስዶ እንደ ተለየ፥ ከዚያ በኋይትቻፕል ወዳለው ወደ ወንድሙ ቤት እንደ ተመለሰ፥ የሲቲ መርማሪዎች ቀንና ሌሊት እንደ ጠበቁት፥ ከጥቂት ጊዜም በኋላ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ወደ ድኾች መጠለያ፥ ከዚያም ኮልኒ ሃች ወደሚባለው የአእምሮ በሽተኞች ቤት እንደ ተላከ፥ ብዙም ሳይቆይ እንደ ሞተ ይናገራል። ስሙም ኮስሚንስኪ ነው ይላል።

የኅዳጉ ማስታወሻ ከታተመ ትዝታ የሚበልጥበት አንድ ጠባይ አለው፤ ለገበያ ወይም ለክብር የተጻፈ አይደለም፤ አንድ ሰው ለራሱ የጻፈው ነው። ስለዚህ ስዋንሰን የጻፈውን ያምን እንደ ነበር ሊጠራጠሩ አይገባም። ከመዝገብ ጋራ ሲመሳከር ግን ግማሹ ጸንቶ ግማሹ ይወድቃል። በኮልኒ ሃች መዝገብ አሮን ኮስሚንስኪ የተባለ ከፖላንድ የመጣ ጠጕር አስተካካይ በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1891 ገብቶ ተገኝቶአል፤ ስሙ፥ አገሩ፥ ቤቱ፥ በድኾች መጠለያ በኩል ማለፉ ሁሉ ይስማማል። መሞቱ ግን አይስማማም። ሰውየው በ1894 ሊቭስደን ወደሚባል ሌላ የሕሙማን ቤት ተዛውሮ እስከ ማርች 1919 ኖረ፤ ማለት ስዋንሰን ሞቶአል ብሎ ሲጽፍ በሕይወት ነበር። የሐኪሞቹም ጽሑፍ ድምፅ የሚሰማ፥ ከሰው እጅ ምግብ የማይቀበል፥ ከመንገድ ላይ የወደቀ እንጀራ የሚያነሣ በሽተኛ ያሳየናል፤ ለሌሎች አደገኛ አይደለም ተብሎም ተመዝግቦአል። እኅቱን በቢላዋ አስፈራርቶ እንደ ነበር አንድ ሰው መስክሮበታል፤ ይህም ሊሸሸግ አይገባም፤ ነገር ግን ከዚህ እስከ አምስት ነፍስ ያለው መንገድ ሩቅ ነው።

አንዳንዶች የስዋንሰንን ስሕተት ለእርጅና መርሳት ይሰጡታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በሜይ 1895 ፖል ሞል ጋዜት ስዋንሰን ገዳዩ የሞተ ሰው መሆኑን እንደሚያምን ጽፎ ነበር፤ ያን ጊዜ ስዋንሰን ገና በሥራ ላይ ነበረ፥ ኮስሚንስኪም በሊቭስደን ነበረ። እንግዲህ ስሕተቱ ከትዝታ መዳከም የመጣ ሳይሆን ከመጀመሪያው የተሳሳተ ወሬ በታማኝነት የታወሰ ነው። ይህ ልዩነት ለአመዛዘናችን ትልቅ ነገር ነው፤ የስዋንሰን ትዝታ ጠንካራ እንደ ሆነ፥ የትዝታው ምንጭ ግን ደካማ እንደ ነበረ ያስረዳልና። ወንጀለኛውን በእርግጥ ዐውቀነዋል የሚል የፖሊስ ሹም ያ ሰው በሕይወት መኖር አለመኖሩን እንኳ በአንድ ደብዳቤ ጠይቆ አለመረዳቱ የእርግጠኝነቱን ልክ ይነግረናል።

«ባሕር ዳር ቤት» የተባለውም የራሱ ጣጣ አለው። በዚህ ስም የሚታወቀው የፖሊሶች ማገገሚያ ቤት በሆቭ ከተማ የተከፈተው በ1890 ነው። ምስክሩ የለየው በዚያ ከሆነ፥ ግድያዎቹ ካለፉ ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ሆኖታል። ምስክሩ ማን ነበር? ሁለቱም ስሙን አይጠሩም። ብዙዎች የሚገምቱት ጆሴፍ ላዌንዴ የሚባለውን አይሁዳዊ ነጋዴ ነው፤ እርሱም የኤዶውስ ሬሳ ከመገኘቱ ዐሥር ደቂቃ ያህል አስቀድሞ አንድ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋራ ቆሞ አይቶአል። ነገር ግን በኦክቶበር 11 ቀን 1888፥ ነገሩ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፥ በአሟሟት ምርመራው ችሎት ቀርቦ ሰውየውን ዳግመኛ ባየው መለየቴን እጠራጠራለሁ ብሎአል። በሁለት ሳምንት ያልነበረው እርግጠኝነት በሁለት ዓመት ከየት መጣ? ከዚህም በላይ ኮስሚንስኪ ከተዘጋ ከአንድ ሳምንት በኋላ፥ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1891፥ ፍራንሲስ ኮልስ የምትባል ሴት በዚያው ሰፈር ስትገደል፥ ፖሊስ ጄምስ ሳድለር የተባለውን መርከበኛ ይዞ በማይተር አደባባይ አጠገብ ሰው ያየውን ምስክር አምጥቶ እንዳሳየው፥ ምስክሩም እንዳልለየው ጋዜጣ ዘግቦአል። ገዳዩ ቀደም ብሎ በዚሁ ምስክር ያለ ጥርጥር ታውቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? አንዳንድ ሊቃውንት ምስክሩ ሌላ፥ ይኸውም ስትራይድ ስትመታ ያየው እስራኤል ሽዋርትስ ነው ብለው ከዚህ ችግር ለመውጣት ይሞክራሉ፤ የሳድለርን ጥያቄ ግን ይህ አይፈታውም።

ማክናተን በረጅሙ አያደክመንም። ፖሊስ ሆኖ የገባው በጁን 1889፥ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ 1894 የጻፈው ማስታወሻ ዓላማውም ገዳዩን ለመግለጥ ሳይሆን፥ ሰን የተባለው ጋዜጣ የወነጀለውን ቶማስ ከትቡሽን ነጻ ለማድረግ ነው፤ ከርሱ ይልቅ የሚጠረጠሩ ሦስት ሰዎች አሉ ብሎ ድሩዊትን፥ ኮስሚንስኪንና ኦስትሮግን ጠራ። ድሩዊትን ሐኪም፥ በአንደኛው ቅጂም ዕድሜው 41 ነው ይለዋል፤ ሰውየው ግን የ31 ዓመት ጠበቃና አስተማሪ ነበር። በኬሊ ግድያ ጊዜ ጠፋ ይላል፤ ድሩዊት ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል በሥራው ላይ ነበር። ኮስሚንስኪ በማርች 1889 ገደማ ተዘጋ ይላል፤ ሁለት ዓመት ያህል ተሳስቶአል። ኦስትሮግም በግድያዎቹ ጊዜ በፈረንሳይ አገር እስረኛ እንደ ነበር በኋላ ታውቆአል። ይህ ሁሉ የሆነው በሥራ ላይ ሳለ፥ ፋይሉ በአጠገቡ ሳለ ነው። በ1914 ባሳተመው ትዝታ ደግሞ በመቅድሙ የዕለት ማስታወሻ ይዤ አላውቅም፥ የምታመነው በትዝታዬ ብቻ ነው ብሎ በግልጥ ያስጠነቅቃል፤ አንባቢዎቹ ግን ማስጠንቀቂያውን ዘልለው ድሩዊትን ያዙ። ጸሓፊው ከአንባቢው ይልቅ ሐቀኛ የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነውና ይህን ልናመሰግንለት ይገባል።

አበርላይን ከነዚህ ሁሉ ለመንገዱና ለሕዝቡ የቀረበ ነው፤ 14 ዓመት ያህል በኋይትቻፕል አገልግሎአል። በ1892 ጡረታ ወጥቶ ከ11 ዓመት በኋላ፥ በማርች 1903፥ ጋዜጠኞች መጥተው ሲጠይቁት፥ በዚያ ወር ሞት የተፈረደበት ጆርጅ ቻፕማን፥ በትውልድ ስሙ ክሎሶቭስኪ፥ ገዳዩ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገረ። የሚያቀርበው ምክንያት ሁሉ የመገጣጠም ነገር ነው፤ ሰውየው በፖላንድ የቀዶ ጥገና ረዳትነት ተምሮአል፥ ግድያዎቹ ሲጀመሩ በሰፈሩ ነበር፥ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ግድያዎቹ ቆሙ። የመጨረሻው ትክክል አይደለም፤ ክሎሶቭስኪ እስከ 1891 በለንደን ነበር። ሴቶችን በስለት ሲተለትል የነበረ ሰው በኋላ በዝግታ መርዝ ወደ መስጠት ይዞር እንደ ሆነም ጥያቄ ነው። ሆኖም በአበርላይን ቃል ውስጥ እጅግ የከበረ አንድ ክፍል አለ። ገዳዩ በእብዶች ቤት ሞቶአል፥ ወይም በወንዝ ሰጥሞአል የሚለውን ወሬ ሲጠይቁት፥ ስኮትላንድ ያርድ ከ15 ዓመት በፊት ከሚያውቀው የበለጠ ዛሬም አያውቅም ብሎ መለሰ። የመጀመሪያው ቃሉ ግምት ነው፤ ሁለተኛው ግን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስለሚታወቀውና ስለማይታወቀው ነገር የሰጠው ምስክርነት ነው፤ ከ1888ቱ የአንደርሰን ጽሑፍ ጋራም ይስማማል። ከአንድ ሰው አፍ የወጡ ሁለት ቃሎች እኩል ዋጋ የላቸውም፤ ብዙ ጸሓፊዎች የአበርላይንን ግምት ይዘው ምስክርነቱን የጣሉት ይህን ባለመለየት ነው።

ስሚዝ በዶርሴት መንገድ አጠገብ ገዳዩ እጁን የታጠበበትን ደም የቀላቀለ ውሃ አየሁ፥ በአምስት ደቂቃ አመለጠኝ ይላል፤ በጊዜው ጽሑፍ ድጋፍ ያልተገኘለት፥ ለእራት ግብዣ የተስማማ ወሬ ነው። ዋልተር ዲው ደግሞ ትዝታውን ያሳተመው በ1938፥ ልክ በ50 ዓመቱ ነው፤ በአፕሪል 1888 የሞተችው ኤማ ስሚዝ የመጀመሪያዋ ሟች ናት ይላል፥ እርሷ ራሷ ግን ከመሞቷ በፊት ያጠቋት ሰዎች ከአንድ በላይ እንደ ነበሩ ተናግራለች።

በ2014 በመጽሐፍ፥ በ2019 በሳይንስ መጽሔት የወጣው የሻርፕ ምርመራ ኮስሚንስኪን እንደ ገና ወደ መድረክ አምጥቶታል። ሻርፑ የኤዶውስ ነው የሚባለው፥ አንድ የሜትሮፖሊታን ፖሊስ አስር አለቃ ከቦታው ወስዶት በቤተሰቡ ሲወራረስ ኖረ በሚል የቤተሰብ ትረካ ነው። ማይተር አደባባይ ግን የሲቲ ፖሊስ ግዛት ነው፤ በሟችዋ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥም እንዲህ ያለ ሻርፕ አልተጻፈም። የቤተ ሙከራው ሥራ ምንም ያህል ቢረቅ የቆመው በአንድ ጡረተኛ ትዝታ፥ እርሱም በሦስትና በአራት አፍ ባለፈ ትዝታ ላይ ነው።

የሲቲ ፖሊስን ካነሣን ዘንድ የሮበርት ሳጋር ቃል ሳይታይ ሊታለፍ አይገባም። ሳጋር የሲቲ መርማሪ ነበር፤ በ1905 ሲሰናበት በአልድጌት በሥጋ ቤቶች መንገድ የሚሠራ አንድ ሰው ጠርጥረን በጥብቅ ተከታተልነው፥ አእምሮው የታወከ ነበር፥ በኋላ ወዳጆቹ በግል የሕሙማን ቤት አስገቡት ብሎ ተናግሮአል። ሳጋር የተናገረው የአንደርሰን መጽሐፍ ከመታተሙ አምስት ዓመት አስቀድሞ ነው፤ የስዋንሰን ኅዳግ ደግሞ እስከ 1987 ማንም አላነበበውም፤ ስለዚህ አንዱ ከሌላው ቀድቶአል ማለት አስቸጋሪ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ ጠባብ ነው፤ የሲቲ ሰዎች አንድ አእምሮው የታመመ ተጠርጣሪ ይከታተሉ ነበር፥ ያም ሰው በሕሙማን ቤት ተዘጋ። በዚህ ነጥብ ላይ ስዋንሰን የሚታመን ይመስለኛል። ከዚህ አልፈው ግን ይለያያሉ፤ የሳጋር ሰው በሥጋ ቤቶች መንገድ ይሠራል፥ የገባውም በወዳጆቹ ገንዘብ ነው፤ ኮስሚንስኪ ጠጕር አስተካካይ ነበር፥ የገባውም በድኾች መጠለያ በኩል ነው። ሳጋር ምስክር ስለ መለየቱ አንዳች አልተናገረም። የሲቲ ፖሊስ የበላይ የነበረው ስሚዝም፥ ቀንና ሌሊት ጥበቃውን ያደርጉ ነበር የተባሉት የርሱ ሰዎች ሆነው ሳሉ፥ ገዳዩን ማንም አላወቀውም ብሎ ጽፎአል።